የቢራጎ ፈቃድ በታፎ ግድግዳ ላይ

ቢራጎ የአዋላጅነት የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ያለፈች ዕለት በግቢያችን አንድ ቆርቆሮ የሕፃን ፓውደር እንኳ አልተረፈም። አንገቷን፣ ደረቷን፣ ጸጉሯን ሳይቀር ነጭ አለበስናት። በከተማችን በኩማሲ የወለደች፣ በፍርድ ቤት የረታ፣ ፈተና ያለፈ ሰው እንዲህ ነጭ ሆኖ ነው ገበያ የሚወጣው፤ ያየው ሁሉ ምን አገኘህ ብሎ ሳይጠይቅ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል።

መጀመሪያ የነሰነሰችባት ታላቅ እህቷ ሰርዋ ነበረች። ይህን አልረሳውም። ሁለቱም ፈተናውን በአንድ ቀን ነው የተፈተኑት፣ ውጤቱም በአንድ ሰዓት ነው በስልካቸው የመጣው። ሰርዋ የራሷን አነበበችና ስልኳን አግዳሚው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው። ሦስተኛ ጊዜ መውደቋ ነበር። ከዚያ ብድግ ብላ ከጎረቤት አራስ ቤት ፓውደሩን አምጥታ በታናሽ እህቷ አናት ላይ ገለበጠችው፤ እልል ያለችውም እሷ ናት።

በራችን ላይ ፀጉር የሚያስተካክለው ኛርኮ ምላጩን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። "ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ ሳትፈቅድ በዚህ ግቢ ማንም አይወለድም!" አለ።

"አንተን ነው መጀመሪያ የምታየው" አለችው እናታቸው ኮናዱ፣ ሆዱን በማንኪያ እየጠቆመች። "ስንተኛ ወርህ ነው?"

"እኔ መንታ ነው የያዝኩት እማማ፤ አንዱ ቦዬ አንዱ ሾርባ።"

ሳቅን። ሰርዋም ሳቀች። ስትስቅ የፊት ጥርሶቿ መካከል ያለው ፍንጭት ይታያል፤ ያ ፍንጭት ነው ኋላ ነገሩን ሁሉ ያወጣው።

ስለ ሁለቱ ትንሽ ልንገራችሁ። ሰርዋ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፣ ትምህርት ቤቱም ቀድማ ነው የገባችው። እጇ የተለየ ነው። ገና ተማሪ ሳለች ሕፃን በማህፀን ውስጥ ተጋድሞ ሲያስቸግር መምህራኑ "ያቺን ፍንጭት ጥሯት" ይሉ ነበር አሉ። የእርጉዟን ሆድ ዳሰስ ዳሰስ ታደርግና "ጭንቅላቱ እዚህ ነው፣ ተረከዙ ደግሞ እዚህ" ትላለች፤ አትሳሳትም። ወረቀት ፊት ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ናት። ከአራቱ መልሶች አራቱም ልክ ይመስሏታል። አንዱን ትከብና ትሰርዛለች፣ ደግሞ ትከባለች፤ ደወሉ ሲደወል ግማሹ ባዶ ነው።

ቢራጎ ደግሞ በተቃራኒው። ያነበበችው አይጠፋትም፣ የገጹን ቁጥር ሁሉ ትነግርሃለች። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ማዋለጃ ክፍል ገብታ የእናትየዋን ጩኸት ስትሰማ ጉልበቷ ከድቷት ነበር። ከኋላዋ ቆማ ወገቧን ይዛ ያቆመቻት ሰርዋ ናት። ይህን ቢራጎ ራሷ ነው የነገረችኝ፣ ቦዬ አብረን ስንልጥ። "እትዬ ባትይዘኝ ኖሮ የዚያን ዕለት ትቼው ነበር የምመጣው" ብላኛለች።

ፈቃዱ ፎቶዋና ቀይ ማህተም ያለበት ወረቀት ነው። እናታቸው በላስቲክ ጠቅልላ በሰርጓ ከተሰጧት ጨርቆች ሥር፣ በቆርቆሮ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉ በወገቧ ክር ላይ ነው፤ ስትታጠብም አይፈታም።

ከዚያ የመንግሥት ምደባ መጠበቅ ተጀመረ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ቢራጎ በየቀኑ መንገድ ዳር ከእናቷ ምጣድ አጠገብ ተቀምጣ ቦዬ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። ደንበኞቹ ይቀልዱባታል። "ሲስተር፣ ለኔ በደህና የተወለደውን ምረጪልኝ" ይላታል አንዱ። "ይሄኛው ጊዜው አልደረሰም፣ ትንሽ ያምጥ" ትለዋለች። ትስቃለች። ማታ ማታ ግን መጽሐፏን አውጥታ እንዳትረሳው ትደግመዋለች።

ሰርዋ በዚህ መሀል ታፎ ሰፈር አንዲት ማዳም ዱፊ የምትባል ሴት የከፈተችው ማዋለጃ ውስጥ ሥራ አገኘች። "ረዳት ነኝ፤ አንሶላ አጥባለሁ፣ ዕቃ እቀቅላለሁ" አለችን። በማለዳ ተራ ቀሚሷን ለብሳ ትልቅ ቦርሳ አንግታ ትወጣለች፤ ስትመለስ እጇ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ለእናቷ ዳቦና ሳሙና ይዛ ትመጣለች። የቢራጎን ፈቃድ በየዓመቱ የምታሳድስላት እሷ ነበረች፤ "እኔ ወደ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ አካባቢ ስለማልፍ ላንቺ ልሂድልሽ" እያለች። የቢራጎ ስልክ ከተሰበረ በኋላ መዝገቡ ላይ የተሞላው ስልክም የሰርዋ ነው። እህትማማች ናቸው፤ ማን ምን ይላል?

አንድ ቀን ቢራጎ "እትዬ፣ እዚያ ለኔ ቦታ የለም?" ብላ ጠየቀቻት።

"ያቺ ሴትዮ ክፉ ናት። አንቺ ፈቃድ ይዘሽ አንሶላ ስታጥቢ እኔ ቆሜ ልመለከት ነው? መንግሥት ይጠራሻል፣ ታገሺ።"

ቢራጎ ታገሰች።

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ የሚስዮኖች ሆስፒታል አዋላጅ እንደሚፈልግ ኛርኮ ከአንድ ደንበኛው ሰምቶ ነገራት። ሄደች፣ ተፈተነች፣ አንደኛ ወጣች። ሜትሮኗ፣ የነርሶቹ አለቃ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አሮጊት ናት፤ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ አየችና ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

"ልጄ፣ ለምን ሥራ የለኝም ትይኛለሽ?"

"የለኝማ፣ ሜትሮን።"

"እዚህ ላይ እኮ ታፎ ማዳም ዱፊ ማዋለጃ ኃላፊ አዋላጅ ነሽ ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ።"

"ስህተት ነው። እኔ ቦዬ ነው የምጠብሰው።"

ሜትሮኗ ልትስቅ ብላ ተወችው። "እንግዲህ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሊቆም አይችልም። ከዚያ መልቀቂያ አምጪ፤ ወይም ፈቃድ ከሚሰጠው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስህተት ነው የሚል ደብዳቤ። ዋናውን ፈቃድሽንም ይዘሽ ነይ። እስከ ሰኞ እጠብቅሻለሁ፤ ከሰኞ በኋላ ሁለተኛዋን ልጅ ነው የምጠራው።"

ይህ ረቡዕ ነው። ቢራጎ ሰርዋ የምትሠራበት ቦታ ስለሆነ ጸሐፊዎቹ የሁለት እህትማማቾች ስም አቀላቅለው ነው ብላ ደመደመች። ቤት ገብታ እናቷን ሳጥኑን ክፈቺልኝ አለቻት።

ኮናዱ ከምጣዱ ቀና አላለችም። "ፈቃድሽ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። ፓስተሩ ጋ ወስጄዋለሁ። ምደባው እንዲመጣ በዘይት ይቀባ ብዬ።"

"መቼ ይመለሳል?"

"እሁድ።"

ቢራጎ አመነች። እኛም ሁላችን እናምን ነበር፤ ኮናዱ የፈተናውን እስክሪብቶዎች ሳይቀር አስቀብታ የሰጠች ሴት ናት። በዚህ ከተማ በየቤተ ክርስቲያኑ መሠዊያ ሥር የስንቱ ዲፕሎማና ፓስፖርት ተኝቷል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ ግቢያችን ገባች። ነጭና ሰማያዊ ጨርቅ ለብሳለች፣ እንቁላል የተደረደረበት ሰሃን በሻሽ ሸፍና ይዛለች። ከደስታ ቤት እንደመጣች ያስታውቃል። "የአዋላጇ የቢራጎ ቤት ይሄ ነው?" አለች።

"ራሷ ያችትና" አለ ኛርኮ፣ ቢራጎን እየጠቆመ።

ሴትዮዋ እንቁላሉን ሳታስቀምጥ ቢራጎን ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ይቺ አይደለችም።"

"እኔ ነኝ እማማ። ቢራጎ እኔ ነኝ። ምን ላግዝዎት?"

"ልጄ፣ እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ። የልጄ ሚስት ታፎ ነው የወለደችው። ሕፃኗ በእግሯ መጣች፣ እትብቱም አንገቷ ላይ ነበር። እኔ ለቅሶ ልጀምር ነበር። ያቺ አዋላጅ ግን እጇን አስገብታ፣ ላቧ እየተንጠባጠበ፣ እየዘፈነች አወጣቻት። እየዘፈነች! ግድግዳው ላይ ፈቃዷ ተሰቅሏል፤ ስሟን ልጄ አነበበልኝ። ቢራጎ። እሁድ ስም ይወጣል፣ የልጃችን ስም ቢራጎ ይሁን ተባለ። ባለስሟን ልጠራት ብሄድ ክሊኒኩ አልነበረችም፤ መልእክት ተውኩላት፤ ቤቷም እዚህ አሳፎ ነው ብለው አድራሻዋን ሰጡኝ።" ከዚያ ደግማ አየቻት። "አንቺ አይደለሽም። እሷ ጥርሷ ፍንጭት ነው። ጠቆር ትላለች። ስትስቅ እንዲህ አፏን ትይዛለች።"

ኛርኮ ምላጩን በደንበኛው ጆሮ አጠገብ እንደያዘ ቀረ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ ወደ ኮናዱ ዞርኩ። የቦዬ ልጣጭ እየሰበሰበች ነበር። የተሰበሰበውን ደግሞ በተነችና እንደገና መሰብሰብ ጀመረች።

"የስም ማውጣቱ ቤት የት ነው እማማ?" አለች ቢራጎ ቀስ ብላ። ሴትዮዋ ነገረቻት። እንቁላሉን ለኮናዱ ሰጥታ ግራ እንደተጋባች ወጣች።

"እማ?"

"ሰው ይመሳሰላል" አለች ኮናዱ።

"እማ፣ ሳጥኑን ክፈቺ።"

"ቤተ ክርስቲያን ነው አልኩሽ!"

የዚያን ቀን ሰርዋ አልመጣችም። ቅዳሜም አልመጣችም፤ ተረኛ ነኝ ብላ ላከች።

እሁድ ገና ሊነጋጋ ሲል ቢራጎ ወደ ታፎ ሄደች። አብሬሽ ልሂድ ብላት እንቢ አለች፤ የምጽፈው በኋላ የነገረችኝን ነው።

የአራሷ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ወንበር ተደርድሯል፣ አራሷ ነጭ ለብሳ በር ላይ ተቀምጣለች። ከአያቲቱ አጠገብ በክብር ወንበር ላይ፣ በሚያብረቀርቅ ነጭ የአዋላጅ ልብስ፣ ሰዓቷን ደረቷ ላይ ሰክታ የተቀመጠችው ሰርዋ ናት። ቢራጎ ያንን ልብስ አውቀዋለሁ አለችኝ፤ ፈተናውን ባለፈች ጊዜ እናቷ ያሰፋችላት፣ ምደባ እስኪመጣ ተብሎ የተቀመጠው የራሷ ልብስ ነው። ወገቡ ላይ ስፌቱ ትንሽ ተለቋል።

የቤተሰቡ ሽማግሌ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ሁለት ብርጭቆ ቀረበላቸው፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ አረቄ።

"ይቺ እንግዳ ማን ትባላለች?" አሉ።

"ቢራጎ" አለ አባትየው።

"ስሙ የማን ነው?"

"ከሞት ያወጣቻት የአዋላጇ።"

"እንግዲያው ባለስሟ ትነሳ። ስሟን በራሷ አፍ ለልጅቷ ትንገራት፤ ልጅቷም ጠባይዋን ይዛ ትውጣ።"

ሰርዋ ተነሳች። ስትነሳ ዓይኗ በሰው መሀል ተሻግሮ ውሃ በርሜሉ አጠገብ የቆመችው እህቷ ላይ አረፈ። ቢራጎ እንደምትለው በጣም ረጅም ጊዜ ተያዩ። ሌላ ሰው ግን ምንም አላስተዋለም፤ ሽማግሌው እንኳ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ እንደነከሩ ነበሩ።

"ቢራጎ እባላለሁ" አለች ሰርዋ። ዓይኗን አልነቀለችም።

ሽማግሌው ከውሃው በሕፃኗ ምላስ ላይ ጠብ አደረጉ። "ቢራጎ፣ ውሃ ነው ስትዪ ውሃ ይሁን።" ከአረቄው ጠብ አደረጉ። "አረቄ ነው ስትዪ አረቄ ይሁን። ያየሽውን እንዳየሽው ተናገሪ።" ሕፃኗ ፊቷን አኮማተረች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ፓውደርም ተነሰነሰ። ሰርዋ ላይም ነሰነሱባት።

"ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ምላሷን አውጥታ ነበር" አለችኝ። "አረቄውን ለመትፋት። ያኔ ብጮህ ልጅቷ ያለ ስም የምትቀር መሰለኝ።"

ቢራጎ ስትወጣ ሰርዋ ተከተለቻት። ከአጥሩ ውጭ፣ የሞተር ዘይት የሚሸጥበት ሱቅ ጥግ ተገናኙ፤ አንዷ ከአንገቷ እስከ ጡቷ በፓውደር ነጭ፣ አንዷ ምንም ያልነካት።

"ልብሴን እንኳ" አለች ቢራጎ።

"ሳጥን ውስጥ ብል ሊበላው ነበር።"

"ፈቃዴስ? ብል በላው?"

"ቢሩ፣ ስሚኝ። ወረቀቱ ያንቺ ነው። እጁ ግን የኔ ነው። እኔ ባላወጣው ጨርቅ ሥር ተኝቶ ይቀር ነበር፤ አንቺም ምጣድ ሥር ተቀምጠሽ ነበር። በዚህ በሁለት ዓመት ስንት ልጅ እንዳወጣሁ ታውቂያለሽ? አንድ እናት አልሞተችብኝም። አንድ!"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ብጠይቅሽ እሺ ትዪ ነበር?"

"አልልም ነበር።"

"እና?"

ቢራጎ በመጨረሻ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ "መልቀቂያ እፈልጋለሁ። ለነገ። ሌላውን ለማንም አልናገርም።"

ሰርዋ አቀፈቻት። "ነገ ጠዋት ማዳም ዱፊን አስፈርሜ እሰጥሻለሁ። ሌላ ባለ ፈቃድ ትፈልግ። በእናቴ እምላለሁ ቢሩ፣ ከዚህ ሌላ ምንም አልነካሁብሽም።" የቢራጎ ቀሚስ ፓውደር ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ሰርዋ ቃሏን ጠበቀች። መልቀቂያው በፖስታ፣ ፈቃዱም ከነክፈፉ፣ ከግድግዳ እንደወረደ አቧራው ሳይጠረግ መጣ። ቢራጎ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደረሰች፤ ሐሳቧ መልቀቂያውን አስመዝግባ፣ ስሟን ከታፎ አስነስታ፣ እህቷን ሳታስነካ ወደ ሜትሮኗ መሮጥ ነው። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለው ወጣት ማስቲካ እያኘከ ፋይሏን ከፈተ።

"መልቀቂያው ይሠራል" አለ። "ግን ሲስተር፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው? መጀመሪያ የግል ሥራ ይበልጥብኛል ትያለሽ፣ አሁን ደግሞ ከግሉም ትለቂያለሽ።"

"መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?"

"ከስምንት ወር በፊት። ምደባ ወጥቶልሽ እኮ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ። በስልክ ጠራንሽ፣ አልፈልግም አልሽ። በጽሑፍ አምጪ ስንልሽ አመጣሽ።" ወረቀቱን አዞረላት።

አንዲት ገጽ ናት። በግል ምክንያት ምደባውን መቀበል እንደማልችል በትህትና አሳውቃለሁ፤ ቢራጎ። ፊርማው የእሷው ነው ማለት ይቻላል። ሰርዋ ልጅ ሳሉ በደብተሯ ላይ የቢራጎን ፊርማ እየተለማመደች ታስቃት ነበር።

ቢራጎ ስለ እህቷ ፈቃድ መውሰድ፣ ልብስ መውሰድ፣ ስም መውሰድ ስታወራኝ ድምጿ ደህና ነበር። እዚህ ላይ ስትደርስ ነው የተሰበረው። "ስምንት ወር" አለችኝ። "ስምንት ወር ሙሉ ማታ ማታ መጽሐፌን ስደግም አጠገቤ ተኝታ ትሰማኝ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ 'ገጽ መቶ አሥርን ረሳሽው' ብላ አርማኛለች።"

ወጣቱ "ሲስተር፣ ደህና ነሽ?" አላት።

"ይሄን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም" አለች ቢራጎ። ከዚያ ቁጭ ብላ ሁሉንም ተናገረች። ወጣቱ ማስቲካውን በወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጠና ኃላፊውን ሊጠራ ወጣ።

ቤት ስትመለስ ኮናዱ ምጣዱን አልጣደችም። ወሬው ቀድሞ ደርሷል።

"እህትሽን ሸጥሻት" አለቻት እናቷ።

"እማ፣ ፈቃዱን ከሳጥን አውጥተሽ የሰጠሻት አንቺ ነሽ?"

"ካንድ ማህፀን ነው የወጣችሁት! ላንዷ የተሰጠ ለሌላዋ አይሆንም? ሦስት ጊዜ ወድቃ ሌሊት ስታለቅስ አንቺ ተኝተሽ ነበር፤ እኔ ነኝ የሰማሁት። አንቺ ብልህ ነሽ፣ መቼም አይቸግርሽም አልኩ።"

"የምደባውንስ ደብዳቤ? እሱንም ታውቂ ነበር?"

ኮናዱ በጨርቋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቢራጎ ጠበቀች። እኛም በየበራችን ቆመን፣ ዕቃ የምናጥብ እየመሰልን ጠበቅን።

"ሩቅ ነው አለችኝ" አለች በመጨረሻ። "በጀልባ ነው የሚገባው አለችኝ። አንቺ ደግሞ ውሃ ትፈሪያለሽ።"

ቢራጎ ገብታ መጽሐፎቿን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። የዚያን ሳምንት እኔ ጋ ነው ያደረችው።

ማዳም ዱፊ "ልጅቷ ፈቃድ አመጣችልኝ፣ እኔ ፎቶ አላስተያይም" አለች፤ ማዋለጃው ለጊዜው ታሸገ። ሰርዋ ተጠርታ ቃሏን ሰጠች፤ አንዲት ነገር አልካደችም ይባላል። ለፈተናው ዳግመኛ እንዳትቀመጥ ተወሰነባት። አንድ ማለዳ ያንን ትልቅ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ሱኛኒ የሚሄድ መኪና ተሳፈረች፤ ማንንም አልተሰናበተችም። እዚያ ጨርቅ ትቸረችራለች ብለውናል። ሌላ ሥራም ትሠራለች የሚሉ አሉ፤ በየቤቱ ምጥ ለያዛት እየተጠራች። እኔ አላየሁም።

የሚስዮኖቹ ሜትሮን ማጣራቱ እስኪያልቅ ቦታውን ያዘችላት። የቅጥር ደብዳቤው ሲመጣ ግን በግቢያችን ፓውደር ያወጣ የለም። ኮናዱ ቦዬዋን እያገላበጠች ጀርባዋን ሰጠች። ሌሎቹ ሴቶችም ከኮናዱ ጋር ነው የሚውሉት፤ ምን ያድርጉ? እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልናገር፣ ቤቴ ውስጥ ገብታ ነው እንኳን ደስ ያለሽ ያልኳት፤ በር ዘግቼ።

ስትወጣ ኛርኮ ጠራት። "ነይ እስቲ እዚህ፣ ዝም ብለሽ ቁሚ።" የደንበኞቹን አንገት የሚያራግፍበትን ብሩሽ ፓውደር ውስጥ ነክሮ አንገቷ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አሳለፈው። "የወንድ ፀጉር ካለበት ይቅርታ" አላት።

ሳቀች። ከዚያ ያንኑ ይዛ መንገድ ወጣች፤ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት የማታውቃት ሴት "እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ወንድ ነው ሴት?" አለቻት አሉ።

ዘጠኝ ወር አለፈ። ቢራጎ ማዋለጃ ክፍል ትሠራለች፣ ጉልበቷም አይንቀጠቀጥም። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የሕፃናት ክትባት ላይ ትመደባለች። አንድ ሐሙስ ወረፋውን ይዛ የመጣችው ያቺ እንቁላል ያመጣችው አያት ናት። ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላለች፤ ልጅቷ ወፍራም፣ ሁለት ጥርስ ያበቀለች ናት።

"አወቅሽኝ?" አለች ሴትዮዋ።

"አወቅሁዎት እማማ። እንዴት አደገች! እስቲ ካርዷን ይስጡኝ።"

ሴትዮዋ ካርዱን ከጡቷ መሀል አውጥታ ሰጠቻት። የሕፃኑ ስም በሚለው ቦታ "ቢራጎ" ተብሎ ተጽፎ ነበር። በአንድ ወፍራም መስመር ተሰርዟል። ከላዩ "ሰርዋ" ይላል።

ቢራጎ ካርዱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

"መርማሪዎቹ ቤታችን ድረስ መጥተው ጠየቁን እኮ" አለች አያቲቱ፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፣ የገበያ ዋጋ እንደምትናገር ነው። "ያኔ ሽማግሌው አዘኑ። በልጅቷ ምላስ ላይ ውሃውን አረቄ ነው አልኩባት አሉ። ስለዚህ እንደገና ተሰብስበን፣ እንደገና ጠብ አደረግንላት። ያወጣቻት ሰርዋ ናት፤ ሰርዋ ነሽ አልናት።" ከዚያ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "በአንቺ ምንም ቅሬታ የለንም፣ ልጄ። አንቺ እውነቱን ነው የተናገርሽው። እኛም እውነቱን ነው ያደረግነው።"

"ልክ ናችሁ እማማ።"

"እህትሽ ደህና ናት?"

"አላውቅም።"

"እየዘፈነች እኮ ነው ያወጣቻት" አለች ሴትዮዋ።

ቢራጎ የሕፃኗን ክንድ በጥጥ ጠረገች። "እሷ ሁልጊዜ ትዘፍናለች። ተማሪ ሆናም። ይያዟት እማማ፣ ጠበቅ አድርገው።" መርፌውን ወጋች። ልጅቷ አንድ ጊዜ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆይታ ጮኸች።

የዚያን ዕለት ማታ ወደኔ መጣች፤ ወደ እናቷ በር ሳታይ አልፋ። ውሃ ሰጠኋት። ምን እንደሆነች ስጠይቃት ይህን ነገረችኝ፦ ካርዱ ላይ ቀኑንና የክትባቱን ዓይነት ከሞላች በኋላ "የባለሙያው ስም" የሚል ቦታ ነበር። እዚያ የራሷን ጻፈች። ፊርማ የሚለው ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ፤ ሕፃኗ እያለቀሰች፣ ወረፋው እየተንጫጫ፣ ፊርማዋን እንዴት እንደምትጀምረው ጠፋት።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያ አዲስ ፊርማ ፈረምኩ" አለችኝ። "ማንም የማያውቀው።"